ረዥሙ ሌንስና የቦሩ ሜዳው ቢጫ ራስ

ሌንስ ልትገዙ ያሰባችሁ እንደሆነ፣ ከሁሉ በፊት የምታነሱበት አገር ጉም ያለው መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ይህን የምላችሁ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ትንሽ ፎቶ ቤት ያለኝ፣ ዕድሜዬን ሙሽራ ሳስቆምና ተመራቂ ሳስቀምጥ የፈጀሁ፣ «አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉልኝ» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ምክሩን የምሰጣችሁ በነፃ ነው። እኔ ግን በነፃ አላገኘሁትም።

ነገሩ የጀመረው በምኞት ነው። ሙሽራ ቁም ሲሉት ይቆማል፤ ሳቅ ሲሉት ይስቃል፤ የሚስትህን ወገብ ያዝ ሲሉት አማቱ እያዩት እንኳ ይይዛል። ሰው ዕድሜውን ሁሉ የሚታዘዝ ነገር ሲያነሳ ይሰለቸዋል። ቁም ሲሉት የማይቆም ነገር ማንሳት አማረኝ፦ የሚወረወር ጭልፊት፣ የሚጋልብ ፈረስ፣ ኳስ እየገፋ የሚበር አጥቂ። ለዚህ ደግሞ ሩቁን የሚያቀርብ ትልቅ ዙም ሌንስ ያስፈልጋል። ባለቤቴን ባማክራት «ልጆችህን አንሳ፤ እነሱም ቁም ሲሏቸው አይቆሙም» አለችኝ። ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር። እሱም ከቦሩ ሜዳ በስልክ መጣልኝ።

የደወሉት አክስቴ ዘምዘም ናቸው። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጃቸውም ጅዳ ከሄደች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤታቸው የመንደሩ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ ወዲያ የገብስ እርከን፣ ከእርከኑ ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ገደል። አክስቴ ሰላምታ ሳያዳርሱ ወደ ነገር ገብተው አያውቁም፤ ከጤናዬ ተነስተው እስከ በጎቼ ጤና (በግ የለኝም) ጠይቀው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚደርሱት። ያን ቀን ግን ስልኩን እንዳነሳሁት፦

«አንተ ልጅ፣ ጉድጓድ ይጮኻል እንዴ?» አሉኝ።

«የምን ጉድጓድ?»

«እኔ ምን አውቄ። ድምፁ የጉድጓድ ነው። ሰው ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲጣራ የሚመስል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከገደሉ ሥር ይጀምርና ወደ ቤቴ እየቀረበ ይመጣል። ጉድጓድ ደግሞ አይሄድም።»

«ጅብ ይሆናላ፣ አክስቴ።»

«ጅብማ አላጣውም። ከጅብ ጋር ነው ያረጀሁት። ጅብ እንደ ጅብ ይጮኻል። ይሄ ግን ... እንደ ጅብ ሊጮኽ ይሞክርና ያቅተዋል።»

ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ አየሁት፤ ለምን እንዳየሁት አላውቅም። አክስቴ ቀጠሉ። ዶሮዎች እየጠፉ ነው። የአያ እድሪስ ውሻ፣ ያ በቀን እንኳ ለማንም የማይመለሰው፣ ድምፁን ሲሰማ አልጋ ሥር ገብቶ ያለቅሳል። (አያ እድሪስ ጎረቤታቸው ናቸው፤ የአክስቴን መሬት ምርቱን እኩል እየተካፈሉ የሚያርሱላቸውም እሳቸው ናቸው።)

«ፎቶ አንሺ አይደለህም? ናና አንሳልኝ። ምንነቱን ካወቅሁ አልፈራውም፤ ሰው የሚፈራው ያላወቀውን ነው።»

የአክስቴ ፍርሃት አንጀቴን በላው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያ ሐሳቤ ግን «ተመስገን፣ አሁን ሌንሱን የመግዣ ምክንያት አገኘሁ» የሚል ነበር።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ላይ በጉም ውስጥ ካፖርቱን ቆልፎ የተሳፈረ ሰው፣ ሐረጎን ሲወርድ አንድ ቁልፍ፣ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ሁለተኛውን እየፈታ ሄዶ ኮምቦልቻ ላይ ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ይወርዳል። አንድ መንገድ ነው፤ ሁለት አገር ነው። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። የሚያውቁትን ነገር በሚያስፈልግበት ሰዓት አለማስታወስ ግን የእኔ ተሰጥኦ ነው።

ጀማል ባለ ሱቁ ስልክ፣ ሪሞት፣ የሻይ ፔርሙስና አሮጌ ካሜራ ይሸጣል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፦ ደንበኛ የሚናገረውን ሁሉ ይስማማበታል። ሁለት ሌንሶች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አቆማቸው። አንዱ ረዥም ነው። ሌላው አጭር፣ ግን ወፍራምና ከባድ፤ የፊቱ መስታወት እንደ ሰሐን የሰፋ።

«ይሄ ረዥሙ እስከ ስድስት መቶ ሚሊሜትር ይሄዳል» አለኝ። «ሐረጎ ላይ የቆመ ሰው ጥርሱን ያስቆጥርሃል።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው ሁለት መቶ ላይ ይቆማል፤ ሩቅ አይሄድም። ግን አፉን አየኸው? ብርሃን ይጠጣል። ለደመና፣ ለማለዳ፣ ለቤት ውስጥ ወደር የለውም።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ወላሂ ሁለቱም ይሻላሉ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ሳላስተውል ገዝቼ ነው የተቃጠልኩት። እንደነዚህ ያሉ ረዣዥም ሌንሶች በተዘረጉ ቁጥር የብርሃን ቀዳዳቸው ይጠባል። ሩቅ አገር እንዳለ ዘመድ ናቸው፦ ብዙ ያያሉ፣ ጥቂት ይልካሉ። ፀሐይ ባለበት አገር ጥቂቱም ይበቃል። ፀሐይ በሌለበት ግን ካሜራው ብርሃን እስኪለቃቅም ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል፤ እስከዚያ የሚሮጠው ሮጦ፣ የሚበረው በሮ፣ ፎቶው ላይ የሚቀረው ጥላው ነው።

ይህን ሁሉ ጀማል ነግሮኛል። እኔ ግን ረዥሙን ካሜራዬ ላይ ገጥሜ ወደ በሩ ወጥቼ ነበር። የኮምቦልቻ ፀሐይ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ሩቅ የመብራት ምሰሶ ላይ ጭልፊት ተቀምጧል፤ ዙሙን ስስበው ላባው አንድ በአንድ መጣልኝ። ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ የኳሷ ስፌት ታየኝ፣ በረኛው ግንባር ላይ የቆመችው የላብ ጠብታ ታየችኝ። ተመልሼ ወደ ጭልፊቱ ብዞር ራሱን አዙሮ ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሱ ውስጥ እያየኝ ነው። ያን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ። ትንሽ ደንገጥ አልኩ፤ ግን ወደድኩት። ረዥሙን ገዛሁ። የኮምቦልቻን ፀሐይ ግን ጀማል አብሮ አልጠቀለለልኝም።

እንዳይጋጭብኝ በጋቢ ጠቅልዬ፣ አቅፌ፣ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ቦሩ ሜዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጋቢውን ወደ ደረቴ ጠበቅ ሳደርግ አይተው አዘኑልኝ።

«ሐኪም ቤት ነው የምትወስደው?»

«አይ፣ ከገበያ ነው የማመጣው» አልኩ፤ ስለ ሌንሱ የጠየቁኝ መስሎኝ።

ወደ ጋቢው ጠጋ ብለው፦ «እናቱስ?» አሉ።

«እናት የለውም።»

«ምን ይበላል ታዲያ?»

«ብርሃን» አልኩ፤ ጀማል ያስተማረኝ ቃል ነው።

ሴትዮዋ በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጋቢውን ገለጡት፤ የሕፃን ፊት ሊያዩ። ጥቁርና ክብ፣ ሽፋሽፍት የሌለው አንድ ትልቅ ዓይን አያቸው። «አዑዙ ቢላሂ!» ብለው ሲጮኹ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘ። እስክንደርስ ድረስ የኔ ወንበር ላይ ከእኔ ሌላ የተቀመጠ አልነበረም። በዚያ መስመር ተደላድሎ የሄደ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። አክስቴ የሉም፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ምንጩ ጋ ወረፋ መቆም አይችሉም፣ ሰው ሳይበዛ ነው ጀሪካናቸውን አዝለው የሚወርዱት። ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ ቤቱን ውጦታል። አጥሩ ሥር ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ተክዬ፣ ረዥሙን ሌንስ ወደ እርከኑ ደግኜ ጠበቅሁ። ዝምታው የሚገርም ነበር፤ ወፍ እንኳ የለም። ከጉሙ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ባሕር ዛፉ ላይ ጠብ ... ጠብ ይላል።

ከዚያ ሰማሁት።

አክስቴ ልክ ናቸው። ጉድጓድ ነበር። «ኡ ...» ብሎ ከታች ይነሳና፣ ሽቅብ ሊወጣ ሲል የሆነ ነገር ይይዘዋል፤ ታፍኖ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ተመልሶ ይወርዳል። ከዚያ መተንፈስ። ትንፋሹ ከድምፁ ይብሳል፤ አንድ ሰው ባዶ ገንቦ ውስጥ አፉን ከትቶ ጆሮዬ ሥር የሚተነፍስ ይመስላል። የት እንዳለ አይታወቅም። ጉም ድምፅን ከየአቅጣጫው ያመጣዋል።

ሌንሱን ዘረጋሁ። ፎከሱ የሚይዘው አጥቶ ወደፊት ወደኋላ እያለ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ «ዝዝዝ» ይላል። ከእርከኑ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ቆሟል። ብቻ ቆሟል። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ «ቀ...ጭ» አለ፤ በሁለቱ ድምፆች መካከል የሞቱትን ዘመዶቼን ሁሉ አስታወስኩ። ቀና ስል እርከኑ ባዶ ነው።

ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። ግራጫ ነው፤ የተበተነ ጤፍ የመሰለ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። መሐሉ ላይ ቢጫ ራስ አለ። ከራሱ በታች ነጠላ የመሰለ ጥቁር ነገር ተዘርፍጧል። ፊት የለውም። ዓይን ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ልስልስ ያለ ቢጫ ብቻ ነው።

ብልህ ሰው ይህን አጥፍቶ ዝም ይላል። እኔ ወደ መንደሩ ሱቅ ሄጄ ለአያ እድሪስ አሳየኋቸው። ላክልኝ አሉኝ፤ ላክሁላቸው። ሻዬን ሳልጨርስ መንደሩ በሙሉ በየስልኩ እያየው ነበር።

«ጂን ነው» አለ አንዱ።

«አህያ ነው» አለ ሌላው።

«የጠፋው ጥጃዬ ነው» አለ ሦስተኛው፤ ጥጃው ቢጫ ነበር ወይ ቢሉት፣ አልነበረም፣ ግን ሲጠፋ ደንግጦ ይሆናል አለ።

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አንድ ሰው ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋና፣ «ኧረ ይህች ጀሪካን ያዘለች ሴት ናት» አለ።

ሳቁ ቆመ። ቢጫ ጀሪካን አዝሎ፣ ጥቁር ነጠላ ለብሶ፣ ጎሕ ሳይቀድ ብቻውን የሚወጣ ማን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። አያ እድሪስ ወደኔ ዞር አሉ።

«ይሄን ስታነሳ አክስትህ የት ነበሩ?»

«ምንጭ ወርደው ነበር» አልኩ። እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን ጉድ ሆኜ አላውቅም።

«ቡዳ» የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረውም። አያስፈልግም ነበር። ሰው ወደ ጅብ ይለወጣል የሚለውን ወሬ ሁላችንም ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባነው፤ ሰባት ዓመት ብትማርም አስራ ሰባት ዓመት ብትማርም ጉም ሲወርድ ይነሳብሃል። ራሴን ነፃ አላወጣም። ያን ዕለት ቁርስ ስንበላ አክስቴ ሥጋ ከአጥንት ሲግጡ ጥርሳቸውን ሰርቄ ሳይ ራሴን አገኘሁት። ጥርሳቸው በዚያ ዕድሜ ደህና ነው። በጣም ደህና ነው።

ደሴ ተመልሼ ሙሽሮቼን ሳስቆም ሰነበትኩ። ዝናቡ በደንብ ጣለ፤ የእርሻ ጊዜ ሆነ። አክስቴ ደወሉ። ይህን ጊዜ ሰላምታውን አዳረሱ፤ የበጎቼንም ጤና ጠየቁ። ድምፃቸው ግን የሌላ ሰው ነበር።

«አያ እድሪስ ወገቤን አመመኝ ብለው ላኩብኝ። ወገባቸውን የሚያማቸው የኔ መሬት ላይ ብቻ ነው፤ የሌላውንማ እያረሱ ነው። ምንጩ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሳይሞሉ ይሄዳሉ። መሬቱ ጦሙን ካደረ ምን እበላለሁ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ልጄ፣ ሰዎቹ ፎቶዬን አሳይተውኛል። መቼ ነው ያነሳኸኝ?»

«አክስቴ! እርስዎ አይደሉም እኮ!»

«እንጃ» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። ደጋግሜ ሳየው ግን እኔን እየመሰለኝ መጣ። ማታ ስተኛ፣ ጠዋት ምንጭ ስወርድ፣ እጄን አያለሁ። ያንን ድምፅ የምሰማው እኔ ነኝ ወይስ የማወጣው እኔ ነኝ?»

ስልኩን ዘግቼ ረዥሙን ሌንስ አየሁት። መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሐረጎን አሻግሮ የሚያይ ይመስላል። ያን ሁሉ ርዝመት ይዞ ለካ እውር ኖሯል።

ኮምቦልቻ ወርጄ ሌንሱ ይለወጥልኝ አልኩት ጀማልን።

«እኔ እኮ ያኔም ባለሰፊ አፉን ውሰድ ብዬህ ነበር» አለኝ።

«አላልከኝም።»

«በልቤ ብያለሁ።»

አጭሩን ይዤ ወጣሁ። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ነው። ከበሩ ሳልርቅ ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ እግሬን ያዘው። ረዥሙ ሌንስ ሩቁን ያቀርባል፤ እሺ። አጭሩ አያቀርብም። እንግዲያ የሚቀርበው ማን ነው? እኔ ነኝ። ሌንስ ሻጮች ይህን ክፍል አይነግሩህም።

ብቻዬን ደግሞ አልሄድም፤ ምስክር ያስፈልጋል። ቦሩ ሜዳ እንደደረስኩ አያ እድሪስ ዘንድ ሄጄ ነገ ጠዋት አብረን እንውጣ አልኳቸው። ወገባቸውን ያዙ።

«ጥሩ» አልኳቸው። «እንግዲያው ነገ ካሜራዬን እርስዎ ደጃፍ ላይ ነው የምተክለው። በዚህ ጉም ውስጥ ከቤትዎ የሚወጣው ሰው ፎቶው ላይ ምን ሆኖ እንደሚታይ አላህ ያውቃል።»

ወገባቸው ወዲያው ተሻለው።

ጠዋት በሩ ላይ ስንገናኝ አክስቴም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማጭድ ይዘው ቆመዋል።

«እርስዎ ይቅሩ፣ አክስቴ።»

«አልቀርም። እኔ ከናንተ ጋር ከሆንኩ፣ ያም ነገር እዚያ ከታየ፣ እንግዲህ ሁለት ነን ማለት ነው። እኔም ይሄን ማየት እፈልጋለሁ።» አያ እድሪስ አክስቴን ላለማየት የባሕር ዛፉን ጫፍ እያዩ፣ ከማጭዱ ራቅ ብለው ቆመዋል።

ጉሙ ያን ዕለት የሚዳሰስ ነበር። እርከኑን ተከትለን ስንሄድ የፊተኛው ሰው ጀርባ ይጠፋል። ድምፁ መጣ። ግን የተለየ ነበር፤ አይቀርብም፣ አይርቅም። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይታገላል። «ኡ ...»፤ ትንፋሽ፤ ደግሞ የሚቧጥጥ ነገር። አያ እድሪስ ቁርዓን መቅራት ጀመሩ፤ እኔ የማውቀው አልቆብኝ «አገጭዎን ቀና» ስል ራሴን ሰማሁት።

ድምፁ ከአያ እድሪስ አጥር ነበር። ከእንጨቱ መካከል ቢጫው ራስ ተሰንቅሯል። ከዚህ ወዲያ እግሬ አልሄድልህ አለኝ፤ ሌንሱን አነሳሁ።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ ያ ሌንስ ብርሃን ይጠጣል። ዓይኔ ግራጫ ብቻ ሲያይ እሱ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ጥርት ብሎ ቀረበ። ቢጫው ፕላስቲክ። የተቆረጠው ጠርዝ። እጀታው፣ በሁለት የአጥር እንጨት መካከል የተቀረቀረ። ከፊት ለፊት ተነክሶ የተቀደደ፣ ዶሮ ለመያዝ የሚበቃ ቀዳዳ፤ ከቀዳዳው ውስጥ እርጥብ ጥቁር አፍንጫ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ ጥርስ። ወደ ውስጥ ደግሞ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሁለት ዓይኖች። ጅብ ነበር። ቂጡ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ራሱን አስገብቶ ማውጣት ያቃተው፣ አጥንቱ የሚቆጠር ጅብ። ያ ሁሉ ጉድጓድ ጀሪካኑ ነበር።

«ያ ረቢ» አሉ አያ እድሪስ። ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄማ የኔ ጀሪካን ነው። ለውሻው መብል ማቅረቢያ ቆርጬው ... ጠፍቶብኝ ...»

እፍረት ሲይዛቸው ሰዎች አንድ ነገር መምታት ይፈልጋሉ፤ አያ እድሪስ ዱላቸውን አነሱ።

«ተው!» አሉ አክስቴ።

ለአያ እድሪስ «ተው» ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አጥሩን ተደግፈው በወዲህ በኩል ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት። ጅቡ መታገሉን አቆመ። ትንፋሹ ጀሪካኑ ውስጥ ሲመላለስ እንሰማዋለን። አክስቴ በእንጨቱ መካከል እጃቸውን አስገብተው፣ በማጭዱ ጫፍ እጀታውን ይቆርጡ ጀመር። ፕላስቲኩ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያስጨንቃል። እኔ አነሳለሁ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ፍርሃቴን የማያውቀው ሌንስ ጥርት አድርጎ ይይዘዋል። አክስቴና ጅቡ አንድ ፎቶ ላይ፤ በመካከላቸው ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ አየር።

ጀሪካኑ «ጧ» ብሎ ተከፈለ። ጅቡ ራሱን አወጣ። አንገቱ ጠጉር የለውም፤ ጥሬ ሥጋ ነው። ይሮጣል ብዬ ነበር። አልሮጠም። ቆሞ አክስቴን አያቸው። እሳቸውም አዩት። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆዩ አላውቅም። ከዚያ ዞረና እያነከሰ ወደ ጉሙ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከገደሉ በኩል ድምፁ መጣ፤ ከታች ተነስቶ፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሳይታፈን አለቀ።

«ቻለ» አሉ አክስቴ።

በድል ስሜት ፎቶውን ሱቅ ወስጄ አሳየሁ። «ይኸው ጅቡ! ይኸው አክስቴ! ሁለት ናቸው!» ሰዎቹ ከበው አዩት። የጅቡ ጢም ሳይቀር ይቆጠራል። በመጨረሻ ያ በሁለት ጣቱ የሚያሰፋው ሰውዬ እንደ ልማዱ አሰፋና፦

«ለምን አልነከሳቸውም?» አለ።

«ተጣብቆ ነበራ!»

«ከተፈታስ በኋላ?»

ዙሪያዬን አየሁ። አያ እድሪስ የሚገቡበት ጠፍቷቸው «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ብቻ ተያይተዋል» አሉ። በዚህ አለቀ። በማግስቱ አያ እድሪስ የገዛ መሬታቸውን ጥለው የአክስቴን መሬት ሁለቴ ገልብጠው አረሱ፤ ምሳ ቢቀርብላቸው እምቢ ብለው ሄዱ። ምንጩ ጋ ሴቶቹ አይሸሹም፤ ይልቅ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ገለል ብለው ወረፋውን ይለቃሉ፣ አንዷም ጀሪካናቸውን ትሞላላቸዋለች። ልጆች በደጃፋቸው ሲያልፉ ይመርቁን ብለው ይቆማሉ።

እኔ መንደሩን ሰብስቤ ላስረዳ ተነሳሁ። አክስቴ ክንዴን ያዙኝ።

«አብሽር፣ ልጄ። ዝም በል። መሬቴ ታርሷል።»

ከዚያ በኋላ ገብሱ ሲያሸት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አመሻሹ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ እራት እየበላን ጉሙ ከገደሉ መነሳት ሲጀምር ከደጅ አንድ ነገር ሲራመድ ሰማሁ። ዶሮዎቹ ዝም ብለዋል፤ አልተንጫጩም። አክስቴ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ፤ ከጓዳ በሳፋ የተቀመጠ አጥንት አውጥተው በሩን ከፈቱና ወደ ውጭ ደፉት።

«ምን እያደረጉ ነው፣ አክስቴ?»

«ዶሮዎቼን እንዳይነካ ነው» አሉ፤ ዶሮዎቹን ያህል ተረጋግተው።

ካሜራዬ አጠገቤ ነው፤ ባለሰፊ አፉ ሌንስም ተገጥሞበታል። ብርሃኑም ለእሱ ከበቂ በላይ ነበር። አላነሳሁትም። ከደጅ አጥንት ሲሰበር ይሰማል፤ ቀስ እያለ፣ ሳይጣደፍ፣ ቤቱ እንደሆነ ሰው። አለቀና ዝም አለ። አክስቴ በሩ ላይ እንደቆሙ ወደ ጉሙ ጎንበስ ብለው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ «በሉ፣ ደህና እደሩ» አሉ።

በሩን ዘግተው ወደ እኔ ሲመለሱ ቀና ብዬ ፊታቸውንና ጥርሳቸውን ላለማየት ሌንሱን መወልወል ጀመርኩ።